ለቀስተኛው የሚያውቀው፣ ካርዱ ላይ ግን የሌለው

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዘር ስለሚወረስ የልብ ጡንቻ ሕመም

ታናሽ ወንድሜ በ19 ዓመቱ ሰፈራችን ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ። ማንም አልነካውም፤ ኳሱም እሱ ዘንድ አልነበረም። ውኃ አፈሰስንበት፣ ክብሪት ጭረን አስሸተትነው፣ ታክሲ ፍለጋ ሮጥን። ልቡ ለቆመ ሰው እንደሚደረገው ደረቱን ደጋግሞ የተጫነለት ሰው ግን አልነበረም።

ለቅሶው ላይ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን «ይሄ ልጅ የአያቱን አሟሟት ሞተ» አሉ። የእናታችን አባት ሞፈር እንደጨበጡ ነው የወደቁት። አጎታችን ደግሞ ሠርግ ቤት እስክስታ ላይ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ግማሹ «ቡዳ ነው» ይላል፣ ግማሹ «የዘር እርግማን» ይላል። ዘሩን እንኳ አልሳቱም።

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት ሁለት ጊዜ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ጤና ጣቢያ ወስደነው ነበር። አንዴ ጨጓራ ነው ተባለ፣ አንዴ ሳይበላ ስለሮጠ ነው ተባለ። (አገራችን ውስጥ ጨጓራ ያልተባለ ሕመም መቼም የለም።) «ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ካርዱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ስለ አያቱ አንድ ቃል የለበትም።

አስከሬኑም ሳይመረመር በማግስቱ ቀበርነው። የወንድሜን በሽታ ያወቅሁት በራሴ ልብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እያጠረኝ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳሁ፤ በግራና በቀኝ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ 19 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ12 አያልፍም። ደም ግፊት የለብኝም። ሐኪሙ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል አለኝ፤ ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ልነግራት ስሞክር ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። እሷም ተመረመረች፤ አለባት።

በዚህ ሕመም የልብ ጡንቻ ያለ ልክ ይወፍራል፤ ክሮቹም መስመራቸውን ስተው ይዘበራረቃሉ። በዚህ የተነሳ በተለይ በሩጫና በከባድ ሥራ ላይ የልብ ምት በድንገት ሊቃወስ፣ ልብም ደም መርጨቷን ትታ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴት ወንድ አይለይም። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ500 ሰው አንዱ እንዳለበት ይገምታሉ። አብዛኛው ሰው አብሮት ያረጃል፤ ሰው ላስደነግጥ አልጻፍኩም። የካሜሩኑ ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎኤ ግን ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ፈረንሳይ፣ ሊዮን ላይ አገሩ ከኮሎምቢያ ስትጫወት በ28 ዓመቱ መሐል ሜዳ ላይ ወደቀ፤ የአስከሬን ምርመራው ይህንኑ በሽታ አገኘበት። ያን ጨዋታ የተከታተልን ብዙ ነን፤ የበሽታውን ስም የያዝን ግን ጥቂት።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለውድድር የሚሰለፍ ስፖርተኛ ሁሉ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) እንዲነሳ ታስገድዳለች። በቬኔቶ ክልል የስፖርተኞች ድንገተኛ የልብ ሞት ከዚያ ወዲህ በ89 በመቶ መቀነሱ ተጽፏል። እኔ ለተማሪ ሁሉ ኢሲጂ ይነሳ አልልም፤ ማሽኑም ባለሙያውም የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የምለምነው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» የሚለው በሕመምተኛ ካርድ ላይ ይታተም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ይጠይቁት፤ ለቅሶ የሚደርሱት እነሱ ናቸው፣ ማን እንዴት እንደሞተ ያውቃሉ። «አዎ» ያለ ቤተሰብ ኢሲጂ ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ፤ የአብዛኞቹ ሕመምተኞች ኢሲጂ የተዛባ ነው፣ ቀሪውን ኢኮ ይለየዋል። እኔ የምውጠው ቤታ ብሎከር የሚባል የቆየ መድኃኒት ነው። ደረት ውስጥ የሚቀበረው የልብ ማስነሻ መሣሪያ ውድ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

የስፖርት መምህራንና የሰፈር ዳኞችም ደረት መጫን ይማሩ። የዴንማርኩ ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ ሲወድቅ፣ የእሱ ሕመም ምንነት ይቆየንና፣ ያተረፉት ወዲያው የተጫኑት እጆችና የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጫው ናቸው። ክብሪት አላስሸተቱትም።

ለበሽታውም የአማርኛ ስም አውጡለት። «በዘር የሚመጣ የልብ ጡንቻ ውፍረት» ቢባል እናቴ ይገባታል።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12 ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች። ኢኮዋ ለጊዜው ጤናማ ነው፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በጉርምስና ስለሚገለጥ ግን በየጊዜው መታየት አለባት። ባለፈው ቀጠሮ የአያታችንን፣ የአጎታችንንና የወንድሜን አሟሟት ካርዷ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረው ኅዳጉ ላይ ነው የጻፍኩት።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር