ተጫራቾቹ ለምን ዝም እንዳሉ ጠይቃችኋል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከጎርፍ መውረጃ ቦይ ግንባታ ውል ጋር በተያያዘ ጉቦ ተቀብለዋል ተብለው ስለተከሰሱት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ያወጣችሁትን ዘገባ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በግንባታ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ስንቀባበለው ሰንብተናል። ክሱን መዘገባችሁ ተገቢ ነው። ያበሳጨኝ በመካከሉ ያስገባችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በጨረታው ከተወዳደሩት ድርጅቶች አንድም ቅሬታ ያቀረበ እንደሌለ ጻፋችሁ፤ ከዚያም የግዥው ሂደት እስከ ውሉ ፊርማ ድረስ እንከን እንዳልነበረበት አድርጋችሁ አለፋችሁት።

አንድ የተሸነፈ ተጫራች አነጋግራችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን አትጽፉም ነበር። በጨረታ ውጤት ላይ አቤቱታ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያመለክተው ግዥውን ለፈጸመው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነው። ወደ ሌላ አካል የሚኬደው ኃላፊው መልስ ሲነፍግ ወይም መልሱ አጥጋቢ ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ጊዜውም በጥቂት የሥራ ቀናት የተገደበ ነው። እንግዲህ ዓቃቤ ሕግ እንደሚለው ጉቦውን የተቀበሉት ኃላፊው ራሳቸው ከሆኑ፣ የተበደለው ሰው ማመልከቻውን ይዞ የሚገባው ወደ ማን ቢሮ ነው?

ኃላፊው ጥፋተኛ መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን ፍርድ ቤት ይወስናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 እስኪፈረድባቸው ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠሩ ያዝዛል፤ እናንተም በየአንቀጹ ተከሳሹ እያላችሁ በጥንቃቄ ጽፋችኋል። ያንን ጥንቃቄ ለእኛ ግን ነፈጋችሁን። ምንም ሳትጠይቁን፣ አልተበደሉም ብላችሁ ፈረዳችሁብን።

እኔ አቤት ብዬ አይቼዋለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ባወጣው ጨረታ በቴክኒክ ምዘና ወድቀሃል ተብዬ የዋጋ ፖስታዬ ሳይከፈት ተመለሰልኝ። በምን ነጥብ እንደ ጎደልኩ በጽሑፍ ይገለጽልኝ ብዬ አመለከትኩ። ማብራሪያ አልሰጡኝም። ይልቁንም ለዚያው መሥሪያ ቤት ሠርቼ ያስረከብኩት ሌላ ሥራ የክፍያ ሰነድ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መንከራተት ጀመረ። ልኬቱ እንደገና ይታይ፣ ማኅተም ይጎድለዋል፣ ፈራሚው ለመስክ ሥራ ወጥተዋል፣ ነገ ተመለስ። ሲሚንቶ በዱቤ የሰጠኝ ነጋዴ ገንዘቡን ይጠይቀኛል፤ ግንበኞቼ ደመወዛቸውን ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አንድ ያዘነልኝ ሠራተኛ አቤቱታህን ብትተወው ይሻልሃል አለኝ። የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝና ተውኩት። ክፍያዬም ተለቀቀ። ዛሬ ያንን መዝገብ የሚያይ ጋዜጠኛ እኔንም ቅሬታ ከሌላቸው ተጫራቾች ይደምረኛል።

ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ ሕግ አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ የጠቋሚን ማንነት መደበቅንም ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ጨረታ ሲከፈት ሁላችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ነን፤ የተወዳዳሪዎች ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ጥቂት ድርጅቶች ከተወዳደሩበት ሥራ ጥቆማ ሲወጣ ከማን አፍ እንደ ወጣ ለመገመት መርማሪ አያስፈልግም። የሚቀጥለውን ሥራ የምንለምነውም ከዚያው ቢሮ ነው።

ስለ ጉቦ ሰጪውስ ለምን ዝም አላችሁ? የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይቀጣል። ውሉን ያገኘው ድርጅት ተከሷል? ሥራው ታግዷል ወይስ ቁፋሮው ቀጥሏል? ቅድሚያ ክፍያ ወስዷል? በሚቀጥለው ጨረታ ከጎናችን ሊቀመጥ ነው? ዘገባችሁ ይህን ሁሉ ትቶ ጉዳቱን የመንግሥት ገንዘብ ብቻ አድርጎ አቀረበው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በፈጀበት ከተማ የጎርፍ መውረጃ ውል እንዲህ ተደርጎ አይዘገብም። ጉቦ የከፈለ ተቋራጭ የከፈለውን ከኪሱ አጥቶ አይቀርም። ከብረቱ ውፍረት፣ ከሲሚንቶው መጠን፣ ከመሠረቱ ጥልቀት ይመልሰዋል። ግንቡ ተለስኖ ሲያልቅ ከላይ ያማረ ነው፤ ውስጡን የሚያውቀው የሠራው ሰውና ጎርፉ ብቻ ናቸው። ከቦዩ በታች የሚኖሩ ቤተሰቦች ስለዚህ ውል የሚናገሩት ነበራቸው፤ አንዳቸውንም በዘገባችሁ አላየሁም።

ይህን ዓይነት ክስ የሚያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት እዚሁ ድሬዳዋ ችሎት አለው። ዘጋቢያችሁ ቀጠሮውን ይከታተል። የጨረታውን ቃለ ጉባኤና የቴክኒክ ምዘናውን ነጥብ ይጠይቅ። የተሸነፉትን ድርጅቶች ስማቸው ሳይወጣ ያነጋግር፤ እኔም ፈቃደኛ ነኝ። እስከዚያው ግን ቅሬታ አልቀረበም የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ መጀመሪያ በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን እንድታርሙት እጠይቃለሁ።

አንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ