«ከሕግ ቢሮ ነው» ባይ ደዋዮች

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ሥራ ላይ እያለች ስልክ ተደወለላት። «ከሕግ ቢሮ ነው። የክሬዲት ካርድ ዕዳ አለብሽ። ዛሬ 1,400 ዶላር በስጦታ ካርድ ካልከፈልሽ ፖሊስ ይመጣል» አሏት። ስልኩን ዘግታ የስጦታ ካርድ ልትገዛ ወጣች። ደግነቱ መንገድ ላይ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚህ አሜሪካ ሰው በክሬዲት ካርድ ዕዳ አይታሰርም። በእስር ማስፈራራትንም በ1977 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። እውነተኛ ዕዳ ሰብሳቢ መጀመሪያ ካነጋገረን በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን መጠንና የአበዳሪውን ስም በጽሑፍ መላክ አለበት። እኛም ጽሑፉ ከደረሰን በ30 ቀን ውስጥ «አረጋግጡልኝ» ብለን በጽሑፍ ከጠየቅን፣ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ መሰብሰቡን ያቆማል።

ጠበቃ ነኝ ካለ ሙሉ ስሙንና ፈቃድ ያወጣበትን ግዛት ጠይቁት። ከዚያ በግዛቱ ፍርድ ቤት ወይም በጠበቆች ማኅበሩ ድረ ገጽ ፈልጉት። ስሙ ተገኘ ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ጠበቃ ስም ይጠቀማሉ። መልሳችሁ ስትደውሉ መዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር ይሁን፣ እነሱ በሰጧችሁ አይሁን። አክስቴ እንዲህ አድርጋ ስትደውል፣ የቢሮው ጸሐፊ በስሟ ምንም ፋይል እንደሌለ ነገረቻት።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሳችሁ ግን ዝም አትበሉ። ፍርድ ቤቱ ጋ ደውላችሁ የመዝገብ ቁጥሩን አጣሩ። እውነተኛ ሆኖ መልስ ካልሰጣችሁ ሊፈረድባችሁ ይችላል።

እባካችሁ ይህን ጉዳይ በሰፊው ጻፉበት። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶቻችን በአማርኛ ሊያነቡት ይገባል።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ