ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ለምንኖር፦ የበረዶ ወቅት ዝግጅት

ሰላም ጎረቤቶች፣

የበረዶውን ወቅት እንዴት እንደምናሳልፍ ለመወሰን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በነዋሪዎች አዳራሽ እንገናኝ። እንግዶቹ ሄደው የሐይቁ ዳር ቤቶች ሲዘጉ የምንቀረው እኛው ነን። የጋራ መንገዱን ማን በየትኛው ቀን ይጠርጋል? መብራት ሲጠፋ አረጋውያንን ማን ይጠይቃል? የተዘጉትን ቤቶችስ ማን ያያል?

የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ቧንቧ የሚፈነዳውም ለዚህ ነው። ሰው በሌለበት ቤት ከፈነዳ ደግሞ ውሃው ለቀናት ሊፈስ ይችላል፤ ጉዳቱ ለጎረቤትም ይተርፋል። ስለዚህ የቤት ቁልፍ በአደራ የያዛችሁ የባለቤቱን ስልክና የዋናውን ውሃ መዝጊያ ቦታ ጽፋችሁ አምጡ።

ጄኔሬተር ያላችሁም አሳውቁን። ብቻ አደራ፣ ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሱት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። የማይመቻችሁ ደግሞ መንገድ ለመጥረግ የምትችሉበትን ቀን ላኩልን፤ ተራ ውስጥ እናስገባችኋለን።