ካርዱ ላይ ስማቸው ስላልሰፈረ ልጆች፦ ለግብርና ሚኒስቴር የምግብ ዋስትና ማስተባበሪያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል አደጋ መከላከልና የምግብ ዋስትና ፕሮግራሞች ማስተባበሪያ ኮሚሽን

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደቡብ ወሎ፣ ከተሁለደሬ ወረዳ ነው። ጉዳዬ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች በሥራና በቀጥታ ድጋፍ በሚረዳው በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የቤተሰብ አባል ተብሎ የሚቆጠረው ማን ነው የሚለው ነው።

በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው በዚህ ፕሮግራም መርሕ መሠረት አንድ ቤተሰብ ከተመረጠ አባላቱ በሙሉ ይታቀፋሉ። ለእያንዳንዱ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ክፍያውም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል እንዲሸፍን ታስቦ የተቀመረ ነው። ሕፃናቱንና አቅመ ደካሞቹን ወክሎ ጉልበት ያለው የቤተሰቡ አባል እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የሚሠራ ሰው የሌለው ቤት ደግሞ ሥራ ሳይጠየቅ በሚከፈለው በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። እንግዲህ አንድ ልጅ የቤተሰቡ አባላት በሚመዘገቡበት የተጠቃሚ ካርድ ላይ ስሙ ከሌለ 15 ኪሎውም የለም ማለት ነው፤ የሚበላው ከሌሎቹ ድርሻ ተቀንሶ ነው።

የወሎ ቤተሰብ ግን ከምዝገባው በኋላ ብዙ ተለውጧል። ሴቶች ልጆቻችን ሳዑዲና ቤይሩት ሲሄዱ የወለዷቸውን ለእናቶቻቸው ትተው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አሳዳጊ ያጡ ልጆች በየዘመዱ ቤት ገብተዋል። ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት መካከልም ሐይቅ ከተማ አጠገብ ጃሪ መጠለያ ያልገቡ፣ አጎትና አክስት የሰበሰባቸው አሉ። ወሎ ሰው አይመልስም፤ የመጣውን ያስገባል። መዝገቡ ግን አብሮ አላስገባቸውም።

አንዲት ጎረቤቴ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ናቸው። ካርዳቸውን አሳይተውኛል። በፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ከላይ የእሳቸው ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ ከሥሩ የሟች ባለቤታቸው ስም ተሰርዟል፣ የቀሩት ረድፎች ባዶ ናቸው። በቤታቸው ግን ሦስት የልጅ ልጆች አሉ። የክፍያ ቀን የሚቀበሉት የአንድ ሰው ነው፤ በእሱ ዘንጋዳ ሸምተው ለአራት ይጋግራሉ። ታላቂቱ ልጅ በገበያ ቀን ከትምህርት ቀርታ እንጨት ተሸክማ ሐይቅ ትወርዳለች። ልጆቹ እንዲመዘገቡላቸው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «እናታቸው በሕይወት አለች፤ ከዓረብ አገር ትልክላቸዋለች» የሚል ነበር። እናትየዋ ለጉዞዋ የተበደረችውን ገና ከፍላ አልጨረሰችም፤ የምትልከውም አልፎ አልፎ ነው። ብርም ቢመጣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዘይቱም ዱቄቱም በቀድሞው ዋጋ የሚገኝ አይደለም።

በሕጉ በኩል ካየነው ነገሩ ይበልጥ ያስቸግራል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ደንግጓል። አያት የልጅ ልጅን የመመገብ ኃላፊነት አለባት ማለት ነው። መንግሥት በሕጉ «እነዚህ ልጆች ያንቺ ናቸው» ብሎ ግዴታውን ከጣለ፣ በድጋፉ መዝገብ ላይ «ያንቺ አይደሉም» ሊል አይገባም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲሁም ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲንከባከብ ያዛል። እኚህ ጎረቤቴ አሳዳጊ ሆነው ባይገኙ ልጆቹ በቀጥታ የመንግሥት ሸክም ይሆኑ ነበር።

የሚነሳውን ስጋት አውቃለሁ። አንድ ልጅ በእናቱም በአያቱም ቤት ሊመዘገብ፣ ዝምድና እየተፈጠረ ቁጥር ሊጋነን ይችላል ይባላል። ስጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ልጁ የት እንደሚያድር የማይታወቅበት ጎጥ የለም። ቅሬው (እድሩ) ማን በማን ቤት እንዳለ ያውቃል፤ ትምህርት ቤቱ በአሳዳጊነት የፈረመውን ያውቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በቤተሰብ ማኅደሯ ላይ ይዛዋለች። ከእነዚህ ከሦስቱ የሁለቱ ምስክርነት ከተገኘ፣ ልጁ ከቀድሞው ቤት ተሰርዞ አሁን ባለበት ቤት እንዲመዘገብ ማድረግ ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ከባድ ሥራ አይሆንም። የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ አምጡ ማለት ግን ፍርድ ቤት ለመመላለስ የትራንስፖርት ገንዘብ ለሌላት አሮጊት የለም ከማለት አይለይም።

ሌላው የአምስት ሰው ጣሪያ ነው። ከፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ጀምሮ ቤተሰቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ክፍያው ከአምስት ሰው እንዳያልፍ መደረጉ ውስኑን በጀት ለብዙ ቤት ለማዳረስ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ጣሪያ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የሌላውን ልጅ ያስጠጋውን ነው። አራት የወለደ ሰው የሟች ወንድሙን ሁለት ልጆች ሲቀበል የገዛ ልጆቹን ድርሻ እየቆረሰ ነው፤ ደጁን ቢዘጋ ኖሮ ግን ምንም አይቀነስበትም ነበር። ጣሪያውን በሙሉ ማንሳት ካልተቻለ እንኳ፣ በሞት፣ በመፈናቀል ወይም በስደት ምክንያት ተጠግተው የመጡ ልጆች ከጣሪያው ውጭ እንዲቆጠሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ የአባላት ዝርዝር በየዓመቱ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት በጎጥ ስብሰባ ላይ በይፋ ተነብቦ እንዲታደስ፣ ወላጅ ውጭ አገር መኖሩ ብቻውን ልጅን ለመከልከያ ምክንያት እንዳይሆን በግልጽ እንዲጻፍ፣ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውም ለሚቀርቡለት የጥገኞች አቤቱታዎች በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ወደ ክልሉና ወደ ወረዳዎች መመሪያ እንድታወርዱ እለምናለሁ። የማኅበረሰብ ሥራው ክፍያ እንደተለመደው በጥር የሚጀምር ከሆነ፣ መመሪያው ከታኅሣሥ በፊት ካልወረደ እነዚህ ልጆች ሌላ ዓመት ከዝርዝር ውጭ ያልፋሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የተሁለደሬ ወረዳ ነዋሪ