የማን እፍኝ? (የአገር በቀል ዕፅዋት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ)

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንጨርስ። ክበባችን የመተት ክበብ አይደለም። ኅዳር ላይ አንድ ወላጅ ደውለው «ልጄን ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ልታደርጉት ነው?» ብለውኛል። አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አንድም ተማሪ አንድም ቅጠል አልቀመሰም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። መርዝ ያለበትን ተክል ሰው እንዴት አድርጎ ለመድኃኒትና ለምግብ አበቃው? መላው ለምን ይሠራል? መቼስ ነው የማይሠራው?

ስብሰባችን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነበር። 23 ተመዝግበው 14 ጸኑ። አመራር ተመረጠ፣ ዕቅድ ወጣ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እሱን በዚሁ እንለፈው።

በጉሎ ጀመርን። ፍሬው ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለው፤ ዘይቱ ደግሞ ለሆድ ድርቀት ይሰጣል። ልጆቹ ግራ ገባቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሪሲን ፕሮቲን ስለሆነ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ሲጨመቅ ፋጉሎው ላይ ይቀራል። ሙቀትም ያበላሸዋል። ከዚያ በንባብ ቻይናና ህንድ ደረስን። አኮናይት የሚባል ተክል አላቸው፤ ሥሩን በጥሬው የወሰደ ሰው ልቡ ሊቆም ይችላል። ቻይናዎቹ ዘፍዝፈው ለረጅም ሰዓት ይቀቅሉታል፣ ህንዶቹ በላም ወተት ያፈሉታል። አኮኒቲን የተባለው መርዝ ሲቀቀል ተሰባብሮ ይደክማል። በደንብ ሳይበስል የተወሰደው ግን ዛሬም ሰው ይመርዛል።

ከእኛው ጓዳ ጓያን ወሰድን። ሌሊቱን ዘፈዘፍነው፣ ውሃውን ደፋን፣ ደግመን ዘፈዘፍን። እግር የሚሰብረው መርዝ በውሃ ስለሚሟሟ ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ሁሉም ባይሆንም። ምን ያህሉ ወጣ? መለኪያ ስለሌለን አናውቅም። አንድ ባልዲ ደግሞ ዓርብ ተረስቶ ሰኞ ተገኘ። ሽታው እስከ መምህራን ማረፊያ ስለደረሰ ክበቡ ሁለት ሳምንት ታገደ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የካቲት ላይ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ወደሚቀመጥበት ቤት፣ ሄድን። አውቶቡስ ጠይቀን «ቅርብ ነው፣ በእግር ይደረሳል» ተባልን። ተደረሰ። እንዲያውም በጀን። ከፒያሳ ስንወርድ የፈረሰ ቤት አጥር ሥር አስተናግር በቅሎ አገኘን፤ ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ እኛ ሰፈር ሞልቷል!» አለ አንዱ። ስሙ ጠባዩን ይናገራል፤ የበላውን ያስለፈልፋል፣ ሲብስም ይገድላል። እጃችንን ኪሳችን ከተን አይተነው አለፍን።

ሚያዝያ ላይ የአንዷ አባላችን አያት መጡልን። እማማ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው የደረቀ ኮሶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። ለትሉ የሚሆነው የሴቴው አበባ ነው አሉ። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። «ኮሶ ግን ቀልድ አያውቅም» አሉ። «የበዛበት ዓይኑን ያጣል።» ሐኪሞችም የሚያውቁት ጉዳት ነው። መጠኑን ስጠይቃቸው «እፍኝ» አሉኝ።

ከኋላ ወንበር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።

«እማማ፣ የማን እፍኝ?»

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እማማ አልሳቁም። መዳፋቸውን ገልብጠው ብዙ አዩት።

«የእናቴ» አሉ። «እሷ እጇ ትንሽ ነበር።» ልጅቱን ጠርተው መዳፏን ከመዳፋቸው ጋር ገጠሙት። «ይሄን ታህል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ በራሴ ነው የሰፈርኩት።»

በ20 ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም።

በሳምንቱ የሁላችንንም እፍኝ መዘንን። ኮሶ ሳይሆን ጤፍ። የቤተ ሙከራው ሚዛን ከተበላሸ ሦስተኛ ዓመቱን ስለያዘ፣ በር ላይ ካለው ባለሱቅ ተዋስን። «እስከ 11 ሰዓት መልሱልኝ» ስላለን ሥራው ሁሉ በጥድፊያ ነበር። የረጅሙ ልጅ እፍኝ የጠያቂዋን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያንን ልዩነት ኮሶ አድርጋችሁ አስቡት።

የባለሱቁ ሚዛን ለስኳር እንጂ ለግራም ሥራ አይሆንም። የምንጠይቀው አንድ ስስ ሚዛን ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ማሊያ ቀይሯል፤ ቅናት አይደለም፣ ያምርባቸዋል። የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ይህን ካነበባችሁ፣ ቤተ ሙከራው የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

እማማ መስከረም ላይ እመለሳለሁ ብለዋል። እፍኛቸውን ሊያስመዝኑ።