የጃንሆይ ኤቮን የሼክስፒር ኤቮን አይደለም

ለክቡር አዘጋጅ፣

ጃንሆይ በስደት ስለኖሩባት የባዝ ከተማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡና ይዤ ደስ እያለኝ እያነበብኩ ነበር። ወንዙ ጋ ስደርስ ግን ትን አለኝ። ጸሐፊው በባዝ የሚያልፈውን ኤቮን፣ ሼክስፒር የተወለደበት ወንዝ ነው ብሎታል። አይደለም። ብሪስቶል ነው የምኖረው፤ ይኼ ወንዝ ጎረቤቴ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሼክስፒሩ ኤቮን ሌላ ነው። ሼክስፒር የተወለደባት ስትራትፎርድ ከባዝ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ትርቃለች። ያኛው ወንዝ ኔዝቢ ከምትባል መንደር ይነሳና ቱክስበሪ ላይ ሴቨርን ከሚባል ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሌሎችም ኤቮኖች አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በዌልስ ቋንቋ «አቮን» ማለት ወንዝ ማለት ነው። የጥንቶቹ ነዋሪዎች «ወንዝ» ሲሉ እንግሊዞቹ ስሙ መሰላቸው። እኛስ «የለገዳዲ ወንዝ» እንል የለ? «ለገ» በኦሮምኛ ያው ወንዝ ነው።

የእኛው ኤቮን (ጃንሆይ ስለኖሩበት የእኛ ልበለው) የሚነሳው አክተን ተርቪል ከምትባል መንደር አጠገብ ነው። ከዚያ እስከሚያልቅበት አፉ ቀጥታ ቢሄድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እሱ ግን ዙሪያ ጥምጥም ይወዳል። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ማምስበሪን፣ ቺፕነምንና ብራድፈርድን አልፎ ወደ ምዕራብ ይታጠፍና ባዝ ይገባል። ሲጨርስ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል።

ባዝ ላይ ያወጣችሁት ፎቶ ትክክል ነው። በ1774 እ.ኤ.አ. ያለቀው፣ ግራና ቀኙ ሱቅ የሆነው የፑልትኒ ድልድይ ነው። ያልጠቀሳችሁት ግን ፍል ውኃውን ነው። 46 ዲግሪ ሆኖ ከመሬት ይፈልቃል፤ ሮማውያን የሠሩት ቦይ ዛሬም ትርፉን ወደ ኤቮን ያወርደዋል። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ ደግሞ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው፤ ወንዙ ወደ ብሪስቶል የሚሄድበት ወገን። ቤቱን በ1958 ለከተማዋ ሰጥተዋታል።

«ከዚያ ወደ ባሕር ይፈሳል» ተብሎ መታለፉም ቅር ብሎኛል። ጉዱ ያለው እዚያ ነው! የብሪስቶል ሰርጥ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየጠበበ ስለሚመጣ፣ ከአትላንቲክ የሚገፋው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል። በኤቮን አፍ ላይ ባለችው ኤቮንማውዝ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት አንዳንድ ቀን ከ12 ሜትር ያልፋል። ይኼ በዓለም ላይ ትልቅ ከሚባሉት ነው። ሙላቱ ወንዙን ተከትሎ ብሪስቶል ድረስ ይዘልቃል። ድሮ ውኃው ሲሸሽ ወደቡ ላይ ያሉ መርከቦች ጭቃ ላይ ይጋደሙ ነበር። በ1809 ዊሊያም ጄሶፕ የተባለ መሐንዲስ መላ አገኘ፦ ለወንዙ አዲስ መሄጃ አስቆፍሮ፣ ውኃው ወደቡ ውስጥ ታቁሮ እንዲቀር አሮጌውን በመዝጊያ በር ዘጋው። መርከቦቹ ከጭቃው ተገላገሉ።

እኔ ግን ጭቃውን እወደዋለሁ። በ1864 የተከፈተው የክሊፍተን ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ ጠዋት ሰፊ ወንዝ የነበረው ከሰዓት በኋላ የሚያብረቀርቅ ጭቃና አንዲት ቀጭን ጅረት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሊጎበኝ የሚመጣ ወገን የሙላቱን ሰዓት አይቶ ሁለት ጊዜ ይሂድ።

ጸሐፊያችሁን በአንድ ነገር ልማረው። ሁለቱም ኤቮኖች የሚገቡት ሴቨርን ውስጥ ነው፤ የሼክስፒሩ ከላይ በኩል፣ የጃንሆዩ ከታች ሴቨርን አፍ ላይ። ጽሑፉ ግን ድረ ገጻችሁ ላይ እስካሁን እንዳለ ነው። ሼክስፒርን ወደ ስትራትፎርድ መልሱልን።

አንባቢያችሁ፣ ከብሪስቶል