ለአባባ፦ ከብረት ቅጠል እንዴት ይወጣል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ።

የላክሁትን፣ ከብረት የሠራሁትን ቅጠል ፎቶ አይተው «ይሄ ቅጠል ከዘንጉ ጋር በምን ተያያዘ?» ብለው እንደጠየቁ እህቴ በስልክ ነገረችኝ። በምንም አልተያያዘም፣ አባባ። ቅጠሉ ራሱ ዘንጉ ነው፤ ከዘንጉ ጫፍ በመዶሻ የወጣ ነው። በስልክ ላስረዳ ሞክሬ ስላልሆነልኝ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ ብያለሁ።

የምንሠራበት ብረት ለስላሳ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ካርቦኑ ከመቶ የአንድ እጅ ሩብ (0.25%) አይበልጥም። ፍም ውስጥ ገብቶ ሲነፋበት መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ። ቢጫ ሲሆን ሙቀቱ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል። ከዚያ አልፎ ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ መርጨት ከጀመረ መቃጠል ጀምሯል፣ የተቃጠለ ብረት ደግሞ አይመለስም። ሙቀቱን የምንለካው በዓይናችን ነው። ምድጃው ጥላ ቦታ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቢጫው ቀይ መስሎ ያታልላል። ቀይነቱ ሲጠፋ መዶሻው ይቆምና ብረቱ ወደ እሳቱ ይመለሳል። በቀዝቃዛው የሚቀጠቅጥ ሰው ቅጠሉን ጠርዙ ላይ ይሰነጥቀዋል።

ቅጠል ሲሠራ መጀመሪያ የዘንጉ ጫፍ ይሾላል። ቀጥሎ፣ ከሹሉ ትንሽ መለስ ብሎ ዘንጉ የመስፉ (ብረት የሚቀጠቀጥበት ማስደገፊያ) ጠርዝ ላይ ይጋደምና በዚያው ጠርዝ ላይ ይመታል። የተመታው ቦታ እየሰረጎደ ይቀጥንና የቅጠሉ አንገት ይሆናል። ከአንገቱ ወደፊት ወፈር ያለች ብረት ትቀራለች፤ ቅጠሉ በሙሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። አሁን መዶሻው ይገለበጥና በቀጭኑ አፉ ይሠራል። ሰፊው አፍ ብረቱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሲበትነው ቀጭኑ አፍ ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ይገፋዋል። ስለዚህ ምቱን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር እያዘነበሉ ሲሄዱ ቅጠሉ ይሰፋል፣ መሃሉ ወፈር ብሎ ዳሩ እየሳሳ ይሄዳል። የእውነቱም ቅጠል እንደዚሁ ነው። ጅማቱ በደነዘ መሮ ይሰመራል፤ የተሳለ መሮ ይቆርጠዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ይሞቅና እንጨት ጉቶ ላይ በእንጨት መዶሻ ይጎብጣል፤ የብረት መዶሻ የተሰመረውን ጅማት ያጠፋዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተቆርጦ የወደቀ ነገር የለም። በእሳቱ ከሚረግፈው ስስ ቅርፊት በስተቀር ዘንጉ ላይ የነበረው ብረት በሙሉ ቅጠሉ ላይ አለ፣ ቦታውን ብቻ ቀይሯል። ከፈለጉ በጭቃ ይሞክሩት። የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ የሚንቀሳቀሰው ልክ እንደ እርጥብ ሸክላ ነው፤ እኛም አዲስ ቅርጽ ሲያስቸግረን መጀመሪያ በጭቃ አድርገን እናያለን። ጣት የምታህል ጭቃ አድቦልብለው በቀጭን እንጨት ከመሃል ወደ ጎን ይጫኗት፣ ቅጠሉ ራሱ ይመጣል።

ከቅጠሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ግን ቅርንጫፍ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች በየትኛውም ከፍታ ላይ አንድ ላይ ቢታሰሩ የግንዱን ውፍረት ያህላሉ ብሎ በማስታወሻው ጽፏል። የትኛውም ዛፍ በትክክል ባያከብረው እንኳ በጣም የተጠጋ ነው። ብረት ሲሆን ደግሞ ያለ ምንም ስሌት ይፈጸማል! ዘንጉን በጋለበት በመሮ ለሁለት ከሰነጠቁት ሁለቱ ግማሾች ተደምረው ያንኑ ዘንግ ያህላሉ። አንዱን እንደገና ቢሰነጥቁትም እንደዚያው ነው። በብየዳ የተለጠፈ ቅርንጫፍ ሐሰት መሆኑ ከሩቅ የሚታወቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከመገጣጠሚያው በላይ ያለው ብረት ከታችኛው ይበልጣል፣ ዓይን ደግሞ ቁጥሩን ባያውቀውም ይህን ይቆጥራል። ሲሰነጠቅ አንድ አደጋ አለ፤ ስንጥቁ ከሚፈለገው አልፎ ወደ ግንዱ ይሮጣል። ስለዚህ የሚቆምበት ቦታ ላይ አስቀድሞ ቀዳዳ ይበሳል፣ ሁለቱ የሚለያዩበት ብብትም ክብ ይደረጋል። ዛፍም ብብቱን በክብ ነው የሚሞላው፤ ጠባብና ሹል የሆነበት ዛፍ ንፋስ ሲመጣ የሚገነጠለው ከዚያው ላይ ነው።

እንደ ሐረግ ጫፍ የሚጠቀለለው ጥምዝም የዚሁ ወገን ነው። ዘንጉ ሳይሾል ከተጠማዘዘ መንጠቆ ይሆናል እንጂ የሐረግ ጫፍ አይሆንም። አስቀድሞ እየቀጠነ እንዲሄድ ከተሳበ ግን ቀጭኑ ጠበቅ ብሎ፣ ወፍራሙ ላላ ብሎ ይጠቀለላል።

በዚህ ሥራ ከማደንቃቸው ሰዎች አንዱ አሜሪካ፣ ቻርልስተን የኖረው ፊሊፕ ሲመንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ተወልዶ በ2009 አረፈ። ሙያውን የጀመረው በ13 ዓመቱ ነው። የጋሪና የፈረስ ሥራ በመኪና ሲተካ ወደ ጌጥ በሮች ዞሮ እባብ፣ ዓሣና ወፍ ያለባቸውን በሮች ሠራ። ሳሙኤል የሊን የሚባለው ደግሞ እንደ እኔ ስደተኛ ነበር፤ ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥቶ በ1906 ገደማ ፊላደልፊያ ገባ፣ በኋላም የትልልቅ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች በሮች ከእሱ መሥሪያ ቤት ወጡ። ሌላው ብረት ሠሪ አልበርት ፔሊ መጀመሪያ ጌጣጌጥ ሠሪ ነበር። በ1974 ዋሽንግተን ለሚገኘው ሬንዊክ ጋለሪ ለሚባል የጥበብ ሙዚየም የሠራው በር ላይ አንድም ተክል ስሙ ተጠርቶ ሊነገር አይችልም፣ በሩ ግን በሙሉ የሚያድግ ይመስላል። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። የፓሪስ ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) መግቢያዎችም ከ1900 ጀምሮ የተክል ግንድ መስለው ቆመዋል፣ ውብ ናቸው፤ ግን ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ናቸውና አንዱ ከሌላው አይለይም። በመዶሻ የወጣ ቅጠል ሁለተኛ የለውም።

አንዳንድ ሰው የመዶሻውን ጠባሳ በማሽን ሞርደው አለስልሱልኝ ይላል። እኔ አልወደውም። ቅጠል መሆኑ እንደሚታይ ሁሉ ብረት መሆኑና በእጅ መመታቱም መታየት አለበት። ቤት ውስጥ ለሚቀመጠው ሞቅ እንዳለ የንብ ሰምና የተልባ ዘይት እንቀባዋለን፤ ይጠቁራል፣ ጅማቱም ጎልቶ ይወጣል። ውጭ ለሚቆመው ይህ አይበቃም፣ ዚንክና ቀለም ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ዝገቱ ከስሱ ዳር ጀምሮ ይበላዋል።

አሁን የያዝኩት ሐረግ የሚወጣበት የአትክልት ቦታ በር ነው። ለእሱ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፦ እህቴ የዛፍ ፎቶ እንድታነሳልኝ ይንገሩልኝ። ሙሉውን ዛፍ አይደለም፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚለይበትን ብብት፣ ቅርፊቱ ተጨማድዶ የሚታጠፍበትን፣ ጠጋ ብላ ከሁለቱም ጎን። የትኛውም ዛፍ ይሁን፣ ያረጀ ቢሆን ግን ይሻላል።

እማዬን በጣም ሰላም በሉልኝ፤ ታናናሾቼንም አንድ በአንድ።

ልጅዎ